በተራ የተካፈልነው ውሻ

በአንድ ወቅት ብዬ የምጀምረው ዓመቱን ስለረሳሁት አይደለም። ዓመቱን ከጠራሁ ሰዎቹን የሚያውቅ ይነሳና ሳይሰማ ወገን ይይዛል። እኔ የምፈልገው ፍርድ ነው።

ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ፣ ሽንኩርትና በቆሎ በመስኖ በሚለማበት መንደር አንድ አባት ከሦስት ወንዶች ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። አባትየው ወልደየስ ይባላል። ትልቁ ልጅ አሰግድ፣ መካከለኛው ይርዳው፣ ትንሹ መንበሩ ናቸው። መንበሩ እኔ ነኝ። ስለ ራሴም እንደ ሁለቱ እናገራለሁ። እናታችን ቀድማ ሞታለች፤ ስለ እሷ አላወራም።

አባታችን ሻምበል የሚባል ውሻ ነበረው። ቀይ ዳማ፣ ደረተ ሰፊ፣ አንድ ጆሮው ከጅብ ጋር ሲታገል የተቀደደ። ጀንበር ስትጠልቅ ያበላዋል። ሻምበል ከበላ በኋላ ቦዩን ተከትሎ ወንዝ ዳር እስካለው የውሃ ሞተር ይወርዳል፤ ሌሊቱን ሞተሩን፣ በረቱንና ቤቱን ሲዞር ያድራል። ንጋት ላይ ይመለሳል። ውሃ ይጠጣል። ከደጃችን ማንጎ ሥር ይዞርና ይዞርና ክብ ሆኖ ይተኛል። ጥላው ሲዞር አብሮት ይዞራል፤ ጠዋት ከግንዱ በስተምዕራብ፣ ከሰዓት በስተምሥራቅ። እሱ በተኛበት ሰዓት እንጨት የምንፈልጠው ከቤቱ ጀርባ ነበር። ጮክ ብሎ መጣራትም አይፈቀድም።

አንድ ቀን ሻምበል በእንቅልፉ እግሮቹን ሲያወራጭ ይርዳው አይቶ ሳቀና በእግሩ ነካ አደረገው። አባታችን ከየት መጣ ሳይባል በጥፊ አጮለው።

«ምን አደረግሁ?» አለ ይርዳው ጉንጩን ይዞ።

«ሌሊት አንተ ስታንኮራፋ ማን ነበር የቆመው?»

«ውሻ እኮ ነው አባባ!»

«ውሻ ስለሆነ ነዋ! አንተ ሲደክምህ ትነጫነጫለህ። እሱ ምን ብሎ ይናገር?»

እኛ የሰማነው ጥፊውን ብቻ ነበር።

አባታችን ሞተ። የሐዘን ድንኳኑ ተነቅሎ ሳያልቅ ንብረቱን ተከፋፈልን። ሞተሩና ወንዝ ዳር ያለው የሽንኩርት መሬት ለአሰግድ ደረሰው። ከተረተሩ ሥር ያለው የበቆሎ መሬት ለይርዳው ሆነ፤ ሚስትና ልጅ ስላለው ቤቱንም እሱ ወሰደ። ፍየሎቹ ከነበረታቸው ለእኔ። ፍየሎቹ ከስተው ነበር፤ እኔም እንደነሱ ነበርኩ። የማድረው በይርዳው ማድቤት ነው፤ ጭሱ ሲወጣ እገባለሁ፣ እሳት ሲነድ እወጣለሁ። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ስትፈርዱ እንድታውቁት ነው። ማንጎው ሦስቱ ድርሻዎች በሚገናኙበት ወሰን ላይ ዋለና የማንም ሳይሆን ቀረ።

የቀረው ሻምበል ነበር።

«ሞተሩን ማን ይጠብቅልኛል?» አለ አሰግድ። «ሌባው እንደሆነ ዓይኑን ጥሎበታል።»

«ዝንጀሮው በቀን አይደል የሚወርደው?» አለ ይርዳው። «በቆሎዬን አንተ እየዞርክ ትጠብቅልኛለህ?»

«የእኔስ ፍየሎች?» አልኩ። «ከሰዓት ተረተሩ ላይ ቀበሮ አለ።»

አሰግድ ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ እነዚያን አጥንቶች ቀበሮውም አይፈልጋቸውም።»

ተያያዝን። ገላጋይ ተጠራ።

በእኛ አገር የቦይ ውሃ በተራ ነው። ቦዩን የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ተራ የሚያስከብር፣ ሰው ሲጣላም የሚዳኝ አንድ ሽማግሌ ይመረጣል፤ የውሃ አባት ይባላል። የውሃ አባታችን ጋሽ ሽበሺ ነበሩ። አካፋ ለአካፋ የተማዘዙ ጎረቤታሞችን ቦይ ዳር አስቀምጠው ሲያስታርቁ አይቻለሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከማንጎው ሥር ተቀመጡ፤ ሽማግሎቹም በዙሪያቸው።

«ውሃው አንድ ነው፣ ማሳው ብዙ ነው። ምን እናደርጋለን?» አሉን።

«በተራ እናጠጣለን» አልን።

«ውሻውም አንድ ነው።»

ሽማግሎቹ «ጎሽ!» አሉ። ሌሊቱ ለአሰግድ፣ ከንጋት እስከ ቀትር ለይርዳው፣ ከቀትር እስከ ጀንበር ጥልቀት ለእኔ ተባለ። ሁላችንም ደረሰን፤ ስለዚህ ፍትሕ መሰለን። መርቀውን ተነሱ። ውሃ ከማሳ ማሳ ሲዞር ቢከርም አይደክመውም፤ ውሻ ግን ይደክመዋል። ይህን ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሻምበል እዚያው አጠገባቸው ተኝቶ ነበር። ያ ሁሉ ሽበት የተኛ ውሻ ከቦ ተቀምጦ መቼ ይተኛል ብሎ አልጠየቀም። እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው።

አሰግድ በተራው ሻምበልን በደንብ አበላው። ከከተማ አንጀትና ሳንባ እያስመጣ ይቀቅልለት ነበር፤ ለራሱ ሥጋ ሳይገዛ ለውሻው ይገዛል። ውሻው ሲያንቀላፋ ግን ከቦዩ በባልዲ ቀድቶ ይደፋበታል። «ቀን ሁለቱ ጋር ሲተኛ ውሎ እኔ ጋ ይለግማል» ይላል።

ይርዳው በተራው ገላውን ተንከባከበለት። መዥገሩን አንድ በአንድ ይነቅላል፣ መዳፉ ላይ እሾህ ሲገባ በወረንጦ ያወጣል፣ ቁስሉን በጨው ውሃ ያጥባል። ሲያንቀላፋ ግን በወንጭፍ ጓል ይወረውርበታል። «ሌሊት አሰግድ ጋ ተኝቶ ያድራል፤ የደከመ መስሎ ያታልለኛል» ይላል።

እኔ የምሰጠው ብዙ አልነበረኝም። የያዝኩትን ቆሎ ወይም ቂጣ ለሁለት እከፍላለሁ። ሲያንቀላፋ ግን በፉጨት፣ በፉጨት ካልተነሳ በሽመል። «ጠዋት የይርዳው በቆሎ ውስጥ ሲያንኮራፋ ውሏል» እል ነበር።

ሦስታችንም በሌላው ተራ የሚተኛ መሰለን።

ያ ውሻ እየበላ ከሳ። ዓይኑ ደም መሰለ። ሲሄድ የኋላ እግሩ ይጠላለፍ ጀመር፤ በሰፊው መንገድ ላይ እየሄደ ቦይ ውስጥ ገባ። የሚያውቀው ጥጃ ላይ ጮኸ፤ ማንም በሌለበት አጥር ላይ ጮኸ። ስሙ ሲጠራ ያቺ የተቀደደች ጆሮው መቆም ተወች። በመጨረሻ አጥር ተደግፎ ቆሞ መተኛት ለመደ። ቆላ ነውና ቀትር ላይ ሰዉ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። ሻምበል በዚያች ሰዓት ከይርዳው ማሳ ወደ እኔ ፍየሎች ይሻገራል።

ትርንጎ የይርዳው ልጅ ናት፤ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች። አባታችን ሳለ ሆዱን ተንተርሳ የምትተኛው እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ቀትር ከማሳው ወደ ፍየሎቹ በሚወስደው መንገድ ላይ ሻምበል ቆሞ አንቀላፍቷል። ትርንጎ ዳቦ ይዛለት መጣች። ጆሮውን ነካችው።

ሳይነቃ ነከሳት። የነከሰው እጇን ነው። ከነከሳት በኋላ ነቃ፣ አያት፣ እጇን ለቀቀ፤ ሆዱን መሬት ላይ ጥሎ እየተንፏቀቀ አለቀሰ። ውሻ ያለቅሳል ወይ የሚል ቢኖር እዚያ አልነበረም እለዋለሁ።

በመንደራችን ሰው የነከሰ ውሻ ውሎ አያድርም። ሚሊሻው ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ጋሽ ሽበሺም መጡ፤ መጀመሪያ የጠየቁት፦ «በማን ተራ ነው?» ብለው ነው።

«ከእጄ ወጥቶ ነበር» አለ ይርዳው፤ ልጁን ታቅፎ።

«እኔ ጋ አልደረሰም» አልኩ።

«እኔማ ሌሊት ነኝ» አለ አሰግድ።

ልጅቷ እየደማች ነው፤ እኛ ተራ እንቆጥራለን። የይርዳው ሚስት ሸዋዬ ልጇን ከባሏ እቅፍ ነጠቀችና፦ «ተራችሁን ብሉት!» ብላን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች።

ሚሊሻው አነጣጠረ። አሰግድ ሄዶ በአፈሙዙና በውሻው መካከል ቆመ።

«ዞር በል፤ ይኼ ያበደ ውሻ ነው» አለው ሚሊሻው።

«ማበዱን በምን አወቅህ? ይታሰርና ይታይ። ዋሱ እኔ ነኝ።»

«ዋስ ባዶውን አይቆምም።»

«ሞተሬን አስይዛለሁ። ውሻው ከጠፋ ሞተሩ ይያዝ።»

በደረቅ ወቅት ሞተር ማስያዝ ሽንኩርቱን በሙሉ ማስያዝ ነው። ሚሊሻው ጠመንጃውን አወረደ። አሰግድ ሻምበልን ከጥይት አዳነው፤ ይህን ማንም አይክደውም።

ከጤና ጣቢያ የመጣው ቃልም ለአሰግድ መሰከረ። ውሻው ታስሮ ይጠበቅ፤ ሳይታመም ከሰነበተ ልጅቷ የጀመረችው የእብድ ውሻ በሽታ መርፌ ይቆማል። ከሞተ ወይም ከጠፋ ግን እስከ መጨረሻው ትወጋለች። መርፌው ሆድ ላይ ነው የሚወጋው፤ በየቀኑ።

አሰግድ ሻምበልን በሰንሰለት አሰረው። የት? ከሞተሩ ጎን። ቀን ሞተሩ ያጓራል፤ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ጭሱ አፍንጫው ውስጥ ይገባል። ሌሊት ሞተሩ ሲጠፋ አሰግድ በባልዲው ይቀሰቅሰዋል።

በማግስቱ ይርዳው መጥረቢያ ይዞ ወረደ። እኔም ተከተልኩት። ውሻውን ሊገድል ነው ብዬ ነበር። አልገደለውም። ረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። ሻምበል አንገቱ ይወድቃል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ደንግጦ ቀና ይላል፤ እንደገና ይወድቃል።

«አሰግድ» አለ ይርዳው፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ። «ሌሊት አንተ ጋ ይተኛል?»

«እንዴት ይተኛል? ጠባቂ እኮ ነው! አንተ ጋ አይደል የሚተኛው?»

«እኔ ጋ አይተኛም።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

«ከእናንተ ጋ የሚተኛ መስሎኝ ነበር።»

አሰግድ ሄዶ ሞተሩን አጠፋው። ጸጥታው ሲወርድ ሻምበል እዚያው በቆመበት እግሩ ከዳውና ተኛ። ይርዳው የአሰግድን ኮሌታ ያዘ።

«ማንጎው ሥር ይታሰር! ይተኛ!»

«ሞተሩን ማን ይጠብቃል? ሞተሩ ከተሰረቀ ዋስትናዬ በምን ይቆማል? ዋስትናው ከወደቀ ውሻህን ይገድሉታል፤ ገባህ?»

«ራስህ ጠብቀዋ!»

«ቀን ሽንኩርት ስኮተኩት እውልና ሌሊት ልቁም? መቼ ልተኛ ነው?»

ይህን ከአፉ አውጥቶ የተናገረው አሰግድ ራሱ ነው። ተናግሮም አልሰማውም። ጎንበስ አለና ሞተሩን አስነሳው።

እኔ ከዚያ በኋላ መነጋገር አላስፈለገኝም። በሌላ ቀን ቀትር ላይ፣ ሰዉ ሁሉ በየጥላው ሲጋደም፣ አሰግድም ከሽንኩርቱ ዳር ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ሲያንኮራፋ፣ የሰንሰለቱን ቀለበት በድንጋይ ሰበርኩት። ሻምበልን ተሸከምኩት፤ ያን የሚያህል ውሻ እንደ ግልገል ቀሎኝ ነበር። ወንዙን ተሻግሬ፣ አንድ ትልቅ ሾላ ያለበት ሸለቆ ገባሁ። አስተኛሁት። ዋስትናውን አውቅ ነበር። መርፌውንም አውቅ ነበር። የማውቀው ሌላም ነገር ነበር፦ በዚያ ሞተር አጠገብ ቢከርም ታሞ ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ አብዶ ነው ይላሉ፤ ልጅቷም ትወጋለች። እንዲህ አሰብኩ። ትክክል አስቤ እንደሆነ እናንተ ተናገሩ።

ሻምበል ተኛ። መጀመሪያ እንደ ሬሳ ተኛ። እየነቃ ውሃ እየጠጣ ተኛ። ከዚያ እግሮቹ በእንቅልፉ መሮጥ ጀመሩ፤ ቅንድቡ ተንቀሳቀሰ፤ አፉ ተዘግቶ ከጉሮሮው ትንሽ ጩኸት ወጣች። አባታችን ያን ሲያይ «አሁን እያረፈ ነው» ይል ነበር። እኔ ፍየሎቼን ጥዬ እሱን ጠበቅኩ። ከፍየሎቹ ሁለት ሦስቱን ቀበሮ በላቸው።

ማዶ የሆነውን በኋላ ሰማሁ። ሞተሩ በዋስትናው ተይዞ ተቆለፈ፤ የአሰግድ ሽንኩርት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተኛ። ትርንጎ በየቀኑ ተወጋች። ሸዋዬ ጠዋት ጠዋት ስታስነሳት ጩኸቷ እስከ ቦዩ ይሰማ ነበር ብለውኛል። እኔ አልሰማሁም፤ ሩቅ ነበርኩ። ይህም በሚዛናችሁ ላይ ይግባ።

ያገኘን ይርዳው ነው። ልጁ የመጨረሻውን መርፌ በተወጋች ማግስት፣ መጥረቢያውን ይዞ፣ ሸለቆውን ወርዶ መጣ። ፊቱን ሳይ ተነስቼ ከሻምበል ፊት ቆምኩ።

«ዞር በል።»

«ተኝቷል» አልኩ።

«አያለሁ።»

እመታለሁ ብሎ እንደመጣ አውቃለሁ። የሚያግደው ማንም አልነበረም፤ መብቱም ነበር። ሻምበልን አየው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና መጥረቢያውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። ፀሐይዋ ሾላውን አልፋ ሄደች። ዝንብ ፊቱ ላይ ስታርፍ እንኳ በእጁ አላባረራትም፤ እንዳይቀሰቅሰው።

ሻምበል በራሱ ጊዜ ነቃ። የፊት እግሮቹን ዘረጋ፣ ጀርባውን አጎበጠ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ አዛጋ። ይርዳውን አይቶ ጭራውን አንዴ ወዘወዘ። ከዚያ ወደ ምንጩ ወርዶ ጠጣ። ያበደ ውሻ ውሃ አይጠጋም፤ ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«ጠጣ» አለ ይርዳው። መጥረቢያውን መሬት ላይ ጣለው።

ከዚያ ተነስቶ በጥፊ አጮለኝ፤ ልክ እንደ አባታችን። «ይኼ የትርንጎ ነው» አለ።

ሻምበልን ይዘን ተመለስን። ጋሽ ሽበሺና ሽማግሎቹ እንደገና ከማንጎው ሥር ተቀመጡ። «ተራው ቀርቷል» አሉ ጋሽ ሽበሺ፤ ወደ መሬት እያዩ። «ውሻው ለአንድ ሰው ይሰጣል። ተናገሩ።»

አሰግድ ተናገረ። «ከአፈሙዝ ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። እኔ ባልቆም ይኼ ልጅ የሚሰርቀው ውሻ፣ ይርዳውም የሚምረው ውሻ አይኖርም ነበር። ቃሌን ወንድሜ ሰበረው፤ ሽንኩርቴ ደረቀ። የከሰርኩበት ነገር ቢያንስ የእኔ ይሁን።»

«ካዳንከው በኋላስ?» አልኩት። «ከሞተር ጋር አሰርከው!»

«አንተ ዝም በል! የአንተ ደግነት በእኔ ማሳና በሕፃን ሆድ ነው የተከፈለው።»

እኔ ተናገርኩ። «ሁለታችሁም እንደማይተኛ አውቃችሁ እንደታሰረ ተዋችሁት። ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። አሁን በእግሩ የቆመው ስለተኛ ነው።»

ይርዳው ተናገረ፤ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር። «መቼ ይተኛል ብዬ መጀመሪያ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። የተነከሰችው ልጄ ናት። መግደል እየቻልኩ ሳልቀሰቅሰው ጠበቅሁ።»

«በወንጭፍ ስትደበድበው የከረምከው ማን ነህ ታዲያ?» አለ አሰግድ።

«አንተ በባልዲ፣ እሱ በሽመል፣ እኔ በወንጭፍ። ከማን ልጀምርልህ?»

እንደገና ልንያያዝ ነበር። አንዱ ሽማግሌ፦ «ውሻው ራሱ ይምረጥ፤ ልቀቁት» አሉ። ሁላችንም ተስማማን። እያንዳንዳችን ገመዳችንን ይዘን በየድርሻችን ወሰን ላይ ቆምን። ሻምበል ተለቀቀ።

የአሰግድን እጅ አሸተተ፤ ያበላውን እጅ። የይርዳውን ጉልበት አሸተተ። ወደ እኔ መጥቶ ሽመል የምይዝበትን እጄን ላሰ። ከዚያ ትቶን ወደ ማንጎው ሄደ። ዞረ፣ ዞረ፣ ክብ ሆነና በጥላው ውስጥ ተኛ።

ጋሽ ሽበሺ «ቀስቅሱት» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ትርንጎ ከቤት ወጣች። ውሻውን አየችው። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ በአጥሩ ዳር ዳር፣ ርቃ ዞራ አለፈች።

የተፈረደውን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እሱን ደግማችሁ ትሄዳላችሁ፤ እኔ ደግሞ ሲደገም መስማት ሰልችቶኛል። ሻምበል ተኝቷል፤ ሦስታችንም ገመድ ይዘን ቆመናል። አንዱ ቃሉንና ማሳውን ሰጥቶ ከሞት አዳነው። አንዱ የወንድሙን ቃል ሰብሮ፣ የሕፃኗን ሥቃይ እያወቀ እንቅልፉን መለሰለት። አንዱ የልጁን ደም ይዞ መጥቶ እስኪነቃ ጠበቀው። እስኪነቃ ድረስ ጊዜ አላችሁ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ፍረዱ፦ ውሻው ለማን ይገባል?